በደጃችን የተሠራው ምርምር ለልጆቻችንም ይድረስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም በማይርቅ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ሆኜ ሳገለግል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ጋዜጣችሁ ስለ ትምህርት ጥራት የሚጻፉ አስተያየቶችን በየጊዜው ስለሚያስተናግድ፣ በዚህ ረገድ ብዙም ሲነሣ ያልሰማሁትን አንድ ጉዳይ ለአንባቢዎቻችሁ ለማቅረብ እወዳለሁ። ጉዳዩ በየወረዳችን፣ አንዳንድ ጊዜም ከትምህርት ቤታችን አጥር ማዶ የሚካሄደው የሳይንስ ምርምር በዚያው ወረዳ ለሚማሩት ልጆች በሚገባቸው ቋንቋና አቀራረብ ተመልሶ አለመድረሱ ነው።

ባለፈው ዓመት የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ምግብ ሰንሰለት ሳስተምር፣ በሰሌዳው ላይ «ሣር»፣ «አይጥ»፣ «ቀይ ቀበሮ» ብዬ ጽፌ በቀስት አያያዝኳቸው። ምሳሌውን በአካባቢያችን ካለው የጓሳ ጥብቅ ስፍራ የወሰድኩት ልጆቹ ዘወትር የሚያዩት ስለሆነ ነው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ በክፍል ውስጥ እምብዛም የማይናገር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ጭላዳውን ረሱት» አለኝ። ጭላዳ ሣር እንጂ አይጥ እንደማይበላ ስነግረው፣ «አይበላም፤ ግን ቀበሮው አይጥ የሚይዘው ጭላዳ መሐል ገብቶ ነው። በግ ስጠብቅ አይቻለሁ። ቀስ ብሎ ይገባል፤ እነሱም አይሸሹትም» ሲል መለሰልኝ። አጠገቡ የተቀመጡት ሳቁበት፤ እሱም አንገቱን ደፋ።

ጠመኔውን እንደያዝኩ ጥቂት ቆምኩ። ልጁ የተናገረውን ነገር ከጥቂት ሳምንታት በፊት በእንግሊዝኛ አንብቤው ነበርና። ዩኒቨርሲቲ የሚማር የወንድሜ ልጅ «የእኛው አገር ነው» ብሎ በስልኬ የላከልኝ ጥናት ነበር። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጓሳ የጭላዳዎችን አኗኗር ሲከታተሉ የቆዩ ተመራማሪዎች፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል እየተዘዋወረ አይጥ ሲያድን በተደጋጋሚ ስላዩ፣ የተሳካለትንና ያልተሳካለትን ሙከራ ለይተው መመዝገብ ያዙ። በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍም ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከሚያደርጋቸው ሙከራዎች የሚሳኩለት 25 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ በጭላዳ መሐል ሆኖ ሲያድን ግን 67 በመቶ ያህሉ እንደሚሳኩለት አሳዩ። ቀበሮው በመንጋው ውስጥ ሲያልፍ እርምጃውን ያዘገያል፤ የጭላዳ ግልገሎችንም ለመንጠቅ አይሞክርም ማለት ይቻላል።

ይህ ውጤት ከታተመ ዓመታት አልፈዋል፤ በውጭ አገር መጽሔቶችም ተወርቶለታል። በመላው ዓለም ከአገራችን ሌላ የማይገኘው፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ እንዴት እንደሚኖር የሚያስረዳ ዕውቀት ስለሆነ ሊወራለትም ይገባል። ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ የጓሳን ጭጋግ የሚያየው ልጅ ግን ይህን አልሰማም። ከሁሉ የከፋው ግን ያየው ነገር ቁም ነገር መሆኑን የሚነግረው ሰው አለማግኘቱ ነው። ተመራማሪዎቹ ያዩትን እሱም አይቷል፤ የሚለያዩት እነሱ ቆጥረው በመመዝገባቸው ነው። ይህን ልዩነት ለአንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ማሳየት ከቻልን፣ ሳይንስ ማለት ምን እንደሆነ አስተማርነው ማለት ነው፤ በመማሪያ መጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ያለውን ትርጓሜ በቃሉ ቢወጣውም ይህን ያህል አይጠቅመውም።

ስለዚህ ጥናቱን ወደ አንድ ገጽ አማርኛ ለማምጣት ወሰንኩ። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። የመጀመሪያውን ረቂቅ እንደ ጥናቱ አጻጻፍ ከውጤቱ ጀመርኩት፤ አምስተኛ ክፍል ለምትማረው ልጄ ሳነብላት በትዕግሥት ሰማችኝና «እሺ እማዬ፣ ከዚያስ?» አለችኝ። ምንም እንዳልነገርኳት ገባኝ። በሁለተኛው ረቂቅ ነገሩን በጠዋት ውርጭ ጋቢ የሚያስመኝ ብርድ ውስጥ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ከጭላዳ መንጋ አጠገብ ከሚቀመጥ ሰው ጀመርኩት፦ ምን ያያል? ምን ይጽፋል? ቀበሮው ሲዘል አይጡን ይዞት እንደሆነና እንዳልያዘው እንዴት ያውቃል? ልጄ ይህኛውን እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማችው። ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ለልጆች መቅደም ያለበት ውጤቱ የተገኘበት መንገድ መሆኑን ነው። ለትልቅ ሰው ውጤቱ ይበቃው ይሆናል፤ ልጅ ግን መንገዱን ካልተጓዘው ውጤቱን እንደ ተረት ይቀበለዋል፣ ወይም እንደ ተረት ይተወዋል።

መቶኛ ሌላው ዕንቅፋት ነበር። ተማሪዎቼ መቶኛን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተምረው ፈተናም አልፈውበታል፤ ይሁን እንጂ «67 በመቶ» የሚለው ቁጥር ሲነበብላቸው በዓይናቸው ላይ ምንም ነገር አልታየኝም። በማግሥቱ ሃያ አራት የባቄላ ፍሬ ይዤ ገባሁና በጠረጴዛዬ ላይ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት አድርጌ በሁለት ረድፍ ደረደርኳቸው። ልጆቹ ከበቡኝ። የመጀመሪያው ረድፍ ቀበሮው ብቻውን ያደረገው ሙከራ ነው ብዬ ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱን ወደ ፊት ሳብኩ፤ ሁለተኛው በጭላዳ መሐል ያደረገው ነው ብዬ ስምንቱን ሳብኩ። ባቄላው የሙከራዎቹን እውነተኛ ብዛት ሳይሆን ንጽጽሩን ብቻ እንደሚያሳይም ነገርኳቸው፤ ይህን አለመናገር ልጆቹን ማሳሳት ይሆን ነበር። አንዲት ልጅ ሁለቱን ረድፎች ጎን ለጎን እያየች በጣቷ ቆጠረችና «እንግዲያው ጭላዳው ቢጠፋ ቀበሮው ይራባል?» ብላ ጠየቀች። ለዚህ ጥያቄ ጥናቱ መልስ አይሰጥም፤ ነገር ግን የጓሳን ጥበቃ በሚመለከት በስብሰባ ላይ ከሰማኋቸው ብዙ ንግግሮች ይልቅ ወደ ነገሩ ሥር የገባ ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሌሎችም ጥያቄዎች ተከተሉ። «ማን ቆጠረ?» «አንድ ቀበሮ ነው ወይስ ብዙ? አንዱ ጎበዝ አዳኝ ቢሆንስ?» አሉኝ። ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ፣ አሁን ማንም አልሳቀበትምና፣ ጭላዳ የሚውልበት ቦታ ሣሩ ስለሚግጥ አጭር እንደሚሆን፣ አይጡም መደበቂያ አጥቶ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። እንዲህ ያለው ጥያቄ አንድ ጥናት ከመታተሙ በፊት የሙያ ገምጋሚዎች የሚያነሡት ዓይነት ነው። ታዲያ ይህን ለማወቅ ምን ማድረግ ያስፈልጋል ብዬ ጥያቄውን ለክፍሉ መለስኩት፤ በሁለቱም ዓይነት ቦታ የአይጥ ጉድጓድ መቁጠር፣ የሣሩንም ቁመት መለካት ነው ብለው በራሳቸው ደረሱበት።

ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የነገሩን ምክንያት በእርግጠኝነት አልደመደሙም። ጭላዳዎቹ ሲግጡ አይጦቹን ረብሸው ከጉድጓዳቸው ያስወጧቸው ይሆናል፤ ወይም በብዙ እንስሳ መሐል ያለውን ቀበሮ አይጦቹ ለይተው ሳያዩት ይቀሩ ይሆናል የሚሉ ግምቶች አሉ። በመጀመሪያው ረቂቄ ይህን ክፍል ልጆቹን ያደናግራቸዋል ብዬ አውጥቼው ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። ክፍሉን ከሁሉ በላይ የቀሰቀሰው ይህ ገና ያልተፈታው ነገር ነው። ለልጆች የሚጻፍ የሳይንስ ጽሑፍ ሁሉ ያለቀለትን፣ የተዘጋውን ነገር ብቻ ሲነግራቸው፣ ሳይንስ ሌሎች ሰዎች ሠርተው የጨረሱት ሥራ እንደሆነ ያስቡ ዘንድ እናደርጋቸዋለን።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። የትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪዎች ነገሩን በሰልፍ ሰዓት ለማንበብ ሲያዘጋጁ ርዕሱን «ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ጓደኛሞች ናቸው» አሉት። ያምራል፤ ለልጅ ጆሮም ይስማማል። እውነት ግን አይደለም። ቀበሮው የሚፈልገው አይጥ ነው፤ ጭላዳውም ቀበሮው ጉዳት ስለማያደርስበት ዝም ይለዋል እንጂ፣ ከዚህ መቻቻል አንዳች ጥቅም ማግኘቱ አልታወቀም። ተማሪዎቹን አስቀምጬ ይህን ከተነጋገርን በኋላ ርዕሱን «ጭላዳ ቀይ ቀበሮን ለምን አይሸሽም?» ብለው ለወጡት። ማቅለልና ማጣመም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስናቀል ቃሉን እንቀይራለን፣ ዐረፍተ ነገሩን እናሳጥራለን፣ ምሳሌ እንጨምራለን፤ ጥናቱ ያላለውን እንዲል ስናደርገው ግን ልጁን አታለልነው ማለት ነው።

ይህ በጤና ጉዳይ ሲሆን ደግሞ አደጋ አለው። በዞናችን ወይና ደጋ ወረዳዎች ጓያ ይዘራል፤ ይበላልም። ጓያ ይሰብራል የሚለውን አባባል የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም። ሳይንሱ ያረጋገጠው እንዲህ ነው፦ በጓያ ፍሬ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ይገኛል፤ ሰው ለወራት ያህል ከጓያ ሌላ ብዙም ሳይበላ ሲቀር ሁለት እግሮቹ ይደክማሉ፣ ሽባም ይሆናሉ፣ ጉዳቱም አይመለስም። ችግሩ በድርቅ ዘመን የሚበረታው ሰብሉ ሌላው እህል በማይችለው ድርቅም ሆነ ውሃ በተኛበት መሬት ስለሚበቅል፣ ሁሉ ሲጠፋ እሱ ብቻ ስለሚቀር ነው። ፍሬውን ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋርም ቀላቅሎ መብላት ጉዳቱን ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ትተን «ጓያ መርዝ ነው» ብለን በግድግዳ ላይ ብንጽፍ፣ አጭርና ግልጽ ሆነልን እንል ይሆናል፤ ልጁ ግን ቤቱ ሄዶ እናቱ የሠራችውን የጓያ ሽሮ አልበላም ይላል፣ እናቱም ዕድሜዋን ሙሉ የበላችው ስለሆነ ታባብለዋለች፣ ልጁም በመጨረሻ ትምህርት ቤት የሚነገረውን አለማመን ይማራል። ለልጅ መነገር ያለበት ምን ያህል፣ ለስንት ጊዜ፣ ከምን ጋር የሚለው ነው። ይህ ደግሞ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የማይገባ ነገር አይደለም፤ ጨው በወጥ ውስጥ ሲበዛና ሲያንስ ያውቃልና።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ችግሩ የአማርኛ የሳይንስ ቃል እጥረት እንደሆነ ያስባል። በእኔ ልምድ ይህ የችግሩ ትንሹ ክፍል ነው። ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን መሥራቱን የሚገልጸውን «ብርሃን አስተጻምሮ» የሚለውን ቃል ተማሪዎቼ ሁሉ ያውቁታል፤ ይጽፉታል፣ ይተረጉሙታል። ነገር ግን አንድ ቀን ድንች ተክሎ የሚያውቅ ልጅ ድንቹ ያን ያህል የሚከብደው ክብደቱን ከየት አምጥቶ ነው ብዬ ስጠይቀው «ከአፈሩ» አለኝ፤ ክፍሉም ተስማማ። ቅጠሉ ከአየር የሚወስደው ነገር ሥሩ ከሚስበው ውሃ ጋር ድንች ሆኖ ከመሬት ሥር እንደሚቀመጥ ቃሉ ብቻውን አልነገራቸውም። ቃሉ የከበረ የግዕዝ ቃል ነው፣ ይኑርልን፤ ሆኖም ነገሩን ቀድመው ካላዩት ባዶ ጎተራ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ደግሞ የሳይንስ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ በአማርኛ ያልተጨበጠው ነገር በእንግሊዝኛ ጨርሶ ይርቃቸዋል። ያለን ጊዜ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው።

ለልጆች ሊጻፍ የሚችል ጉዳይም በየአካባቢያችን ሞልቷል። በሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ አካባቢ ያለው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ክረምት ሲመጣ ውሃ ይቋጥርና የሰብሉን ሥር ያፍናል። የዚያ አገር ቤተሰቦች፣ በተለይ ሴቶችና ልጆች፣ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፋ ያለ መደብ ይሠሩና በመካከሉ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይተዋሉ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢልካ በሚል ምኅጻር ይታወቅ የነበረው የአፍሪካ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር በመሆን ጥቁር አፈርን የማጠንፈፍ ዘዴ ሲያጠና፣ ይህን የእነዋሪን የእጅ ሥራ በሁለት በሬ እንዲሠራ ለማድረግ ሁለት ማረሻ አጣምሮ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ገበሬውም የልማት ሠራተኛውም ዛሬ «ሰፊ መደብ ሠሪ» የሚል ትርጉም ባለው የእንግሊዝኛ ስሙ ምኅጻር ቢቢኤም ይለዋል። እንግዲህ ይህ ምርምር ከልጆች እጅ የተነሣ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የእነዋሪ ልጅ ይህን ቢያነብ፣ አያቱ በእጃቸው የሠሩት ሥራ ወደ ተመራማሪዎች ጠረጴዛ እንዴት እንደደረሰ ቢከታተል፣ ስለ ሳይንስም ስለ አያቱም ያለው አስተያየት ይለወጥ ነበር።

የዶክተር አክሊሉ ለማን የእንዶድ ግኝት እንኳ ለልጆቻችን የምንነግራቸው ግማሹን ነው። «የቢልሃርዝያን መከላከያ ያገኘ ኢትዮጵያዊ» እንላቸዋለን፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት መቀበላቸውን እንጨምርላቸዋለን። ዋናውን ግን እናልፈዋለን። በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ወንዝ ዳር ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ የበሽታው ተሸካሚ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው አዩ። ከዚያም በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁና ቀንድ አውጣዎቹ ሲሞቱ ተመለከቱ። ወንዝ ዳር ልብስ ያላጠበች፣ የእንዶድን አረፋ ያላየች የገጠር ልጅ የለችም። ሽልማቱን ስንነግራት ትኮራለች፤ ያን የወንዝ ዳር ሙከራ ስንነግራት ግን «እኔም ላደርገው እችል ነበር» ትላለች።

አሁን በግልጽ ልናገረው የምፈልገው ቅሬታ አለኝ። ከዓመታት በፊት አስተምርበት በነበረ ሌላ ትምህርት ቤት፣ ስሙን መጥቀስ ከማልፈልገው ተቋም የመጡ አጥኚዎች የተማሪዎችን ቁመትና ክብደት ለኩ፣ ስለ አመጋገባቸው ጠየቁ፣ ከጣታቸውም ደም ወሰዱ። ወላጆችን አሳምኖ የማስፈረሙን ሥራ የሠራነው እኛ መምህራን ነን። ውጤቱን መጥተን እንነግራችኋለን ብለው ሄዱ። ልጆቹ ፈተና የተፈተኑ መስሏቸው «ቲቸር፣ ውጤታችን መቼ ነው የሚመጣው?» እያሉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጠየቁኝ፤ በቀጣዩ ዓመትም ጥቂቶቹ ጠየቁኝ። አልመጣም። በስልክ ባገኘኋቸው ጊዜ ጥናቱ መታተሙን፣ ከፈለግሁም በኢንተርኔት እንደማገኘው ነገሩኝ። ልጅ ጣቱን ሰጥቶ ደሙ ሲወሰድ የቆመው ለሳይንስ ነው፤ መልሱን ሲያጣ የሚደርስበት ሐዘን በየትኛውም የጥናት ሪፖርት ውስጥ አልተጻፈም።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከማስተማርና ከመመራመር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎት መስጠት ሦስተኛ ኃላፊነታቸው እንደሆነ ይታወቃል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ በከተማው የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በአካባቢያችን ብዙ ጥናት ያካሂዳሉ፤ የመንዝን በግ ለማሻሻል ከአርሶ አደሩ ጋር የተሠራውን ሥራ ብቻ ብንወስድ፣ በግ ለሚጠብቅ ልጅ የዘር ውርስን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየትም አይመጣም። እኔ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ በአንድ ወረዳ ጥናት የሚያካሂድ ማንኛውም ተቋም ወይም የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ሥራውን ሲያጠናቅቅ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ለሚማሩ ልጆች የሚሆን አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፎ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲያስረክብ ይደረግ። ገጹ ምን እንደተጠየቀ፣ እንዴት እንደተቆጠረ ወይም እንደተለካ፣ ምን እንደተገኘ፣ ምን ገና እንዳልታወቀ ይናገር። ከመታተሙ በፊትም ቢያንስ ጥቂት ልጆች አንብበውት ያልገባቸውን ቦታ በእርሳስ ያስምሩበት። ልጆቹ ያሰመሩበት ቦታ ተመልሶ ይጻፍ።

ይህ የመጨረሻው ሐሳብ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ፍሮንቲየርስ ፎር ያንግ ማይንድስ» የተሰኘ የሳይንስ መጽሔት ተመራማሪዎች ስለ ሥራቸው የሚጽፉለትን ጽሑፍ ከ8 እስከ 15 ዓመት ለሆናቸው ልጆች እየሰጠ፣ ልጆቹ ከአንድ የሳይንስ ባለሙያ ጋር ሆነው እንዲገመግሙት ያደርጋል፤ ልጆቹ አልገባንም ያሉትን ጸሐፊው አርሞ ካልመለሰ ጽሑፉ አይወጣም። መጽሔቱ ከእንግሊዝኛ ሌላ በዕብራይስጥና በዐረብኛም ይወጣል፤ ለማንበብም ክፍያ አይጠየቅበትም። ይህ አሠራር በእኛ አገር፣ በእኛ ቋንቋ፣ ስለ እኛው ጭላዳና መረሬ አፈር እንዳይሠራበት የሚከለክል ነገር አይታየኝም።

አንዳንድ ተመራማሪ ጓደኞቼ ይህን ሳነሣባቸው ጊዜ የለንም ይሉኛል፤ አንድ ገጽ መሆኑን እነግራቸዋለሁ። ሌሎች ደግሞ ከባዱን ነገር ለልጅ ስናወርደው ክብሩን ያጣል ይላሉ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ያን ጥናት ለልጆች ስጽፈው፣ እንግሊዝኛውን ሳነብ አልፌአቸው የነበሩ፣ በትክክል ያልገቡኝ ሁለት ቦታዎች እንዳሉ አወቅኩ፤ ልጆች ፊት የሚቆም ሰው ባልገባው ነገር ላይ በትልልቅ ቃላት ተሸፍኖ ማለፍ አይችልምና። መምህራንም ብንሆን ከኃላፊነቱ ነጻ አይደለንም፤ እንግሊዝኛ ማንበብ የምንችል በየትምህርት ቤቱ አለን፣ ስልክም ኢንተርኔትም ከሞላ ጎደል እያገኘን ነው። አንድ መምህር በዓመት አንድ ጥናት እንኳ ወደ ክፍሉ ቢያመጣ ብዙ ነው።

ጋዜጣችሁንም የምጠይቀው አለኝ። በሳምንት ወይም በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ገጽ ለዚህ ሥራ ስጡ። ለልጆች ተብሎ የሚወጣው እንቆቅልሽና ተረት ደስ ይላል፣ ይቀጥል፤ ከጎኑ ግን አንድ እውነተኛ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ምድር የተሠራ፣ ልጆች አንብበው ያረሙት ይውጣ። ጋዜጣችሁ መሐል ሜዳ የሚደርሰው ቀናት ዘግይቶ ቢሆንም፣ እኔ በክፍሌ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ እንደ እኔ የሚያደርጉ መምህራንም እንዳሉ አልጠራጠርም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ስለ ቀይ ቀበሮውና ስለ ጭላዳው ያዘጋጀሁትን ገጽ ተማሪዎቼ በእርሳስ ካሰመሩበት ቅጂ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ። ለኅትመት ብትመርጡት ደስ ይለኛል። በገጹ ግርጌ የሣሩን ቁመትና የአይጦቹን ብዛት የሚመለከተው የዚያ ልጅ ጥያቄ በራሱ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ጓሳን የሚያጠና ወይም ያጠና ማንም ተመራማሪ ይህን ደብዳቤ ቢያነብና መልስ ቢኖረው፣ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢልክልን እናመሰግነዋለን። ልጁ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ትምህርት ቤታችን እስከ ስምንተኛ ስለሚያስተምር ገና ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ይቆያል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሳይንስ መምህርት
መንዝ፣ ሰሜን ሸዋ